«ግራጫው ብሎኬት ዓይኔን ወጋው፤ ምን ልትከልበት?»

ክረምት ሊገባ ሲል የሚደርሱን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደላሉ፤ ወደ አጥር። ግቢው ሁሉ በብሎኬት ታጥሯል፣ ብሎኬቱ ደግሞ በአብዛኛው አልተለሰነም። በዚህ ወር ከደረሱን ጥቂቶቹን መርጠናል። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁን ያስቸገረው እሱው ነው።

ጥያቄ፦ ሲኤምሲ አካባቢ ነው የምኖረው። ጎረቤታችን አምና ቤቱን ሲጨርስ በእኛና በእሱ መካከል ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን የብሎኬት ግንብ አቆመ። በራሱ በኩል ለስኖ ቀለም ቀብቶታል። በእኛ በኩል ግን ሲሚንቶው እንደተንጠባጠበ ቀርቷል። ሳሎን ቁጭ ስል ፊት ለፊቴ እሱ ነው። ቡገንቪሊያ በጣም እወዳለሁ፣ በተለይ ደማቅ ሮዙን። ልትከለው? እስኪሸፍነውስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግንቡ በግቢያችን ደቡብ በኩል ነው፣ ርዝመቱም አሥር ሜትር ገደማ ይሆናል። (ሮዝ ወዳዷ)

መልስ፦ ሮዝ ወዳዷ፣ የግንቡን አቅጣጫ ስለጻፍሽልኝ ተባረኪ። አብዛኛው ሰው የሚጽፍልኝ የሚወደውን የአበባ ቀለም ብቻ ነው፣ ከዚያ በፖስታ ትንቢት እንድናገር ይጠብቃል። አንቺ ግን «ደቡብ በኩል» ስትዪ ግማሹን መልስ ራስሽ ሰጥተሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋው ወራት፣ ሌላው ግቢ በፀሐይ ሲጠበስ፣ ያ ግንብ ፀሐይዋን ከጀርባው ይዞ ጥላውን በእናንተ ላይ ይጥላል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ዞራ በእናንተ በኩል ያለውን ፊት በደንብ የምታገኘው ከሚያዝያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ደመናው ይመጣል። በአጭሩ ያንቺ ግንብ የጥላ ግንብ ነው።

ቡገንቪሊያ ደግሞ የትውልድ አገሩ ብራዚልና አካባቢዋ ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ እንደሚገባው አያብብም። እዚያ ብትተክዪው አይሞትም፣ ችግሩም ይኸው ነው። ቀጭን ቀጭን ቅርንጫፍ እያወጣ፣ እሾሁን እየዘረጋ ሦስት ሜትር ተኩሉን ይወጣል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ፀሐዩን ያገኝና ማዶ ዞሮ ያብባል። አበባው ለጎረቤት፣ እሾሁ ለአንቺ። ሮዙ የግድ ከሆነ በዚህ ግንብ ላይ ሳይሆን ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ፣ ወይም ከግቢው በር አጠገብ ፀሐይ የሚበዛበት ቦታ ፈልጊለት።

ታዲያ ለጥላው ግንብ ምን ይሁን? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ችግኝ ሻጩ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ሐረግ ስትመርጡ አበባውን ከማየታችሁ በፊት በምን እንደሚወጣ ጠይቁ። ፋይከስ ፑሚላና አይቪ ከግንዳቸው ትንንሽ ሥር እያወጡ ግድግዳው ላይ ራሳቸው ይጣበቃሉ፣ ሽቦም ገመድም አይፈልጉም። ጠምበለል የሚጠመጠምበት ወይም የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። ፓሽን ፍሩት ጠምዘዝ ባለች ቀጭን ጅማት የያዘውን ይዞ ይወጣል፣ ለስላሳ ግድግዳ ላይ ግን ምንም ሊይዝ አይችልም። ቡገንቪሊያና ቀጋ ደግሞ መውጣትም አያውቁም፣ ዝም ብለው ይደገፋሉ፤ እሾሃቸው ነው ከላይ የሚያስቀራቸው። እነዚህን ካላሰርሻቸው በአንድ የሐምሌ ነፋስ ግንዱ በሙሉ መሬት ላይ ይተኛል።

ላልተለሰነ ብሎኬት፣ በዚያ ላይ ጥላ ለሆነ፣ ሥራውን ጥሩ አድርጎ የሚሠራው ፋይከስ ፑሚላ ነው። ሻካራ ነገር ይወዳል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ትንንሽ ሆኖ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ይላል። አበባ ግን የለውም፣ ለዓይን የሚሆን አበባ ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የሞተ ይመስላል፣ አትነቅይው። ከያዘ በኋላ ደግሞ የሚያስቸግረው ማስቆሙ ነው። ዓመታት ሲያልፉት ወደ ውጭ የወጣ ወፍራም ቅርንጫፍና ትልልቅ ቅጠል ያበቅላል፤ ያንን በዓመት ሁለት ጊዜ በመቀስ መመለስ ግድ ነው። ወደ መስኮት፣ ወደ ጣራ፣ ወደ አሸንዳ አታስደርሺው።

ግን ግንቡ ያንቺ አይደለም! ፋይከስ ሲነቀል ሥሩ የተጣበቀበት ምልክት አይለቅም፣ ልስንና ቀለም ያለበት ቦታ ከሆነም ይዞት ይነሳል። በላይ በኩል ተሻግሮ የጎረቤትሽን አዲስ ቀለም ሲይዝ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ከመትከልሽ በፊት አንድ እሑድ ቡና አፍልተሽ ጥሪውና ንገሪው። በዚያው ወሬ መሃል በእናንተ በኩል ያለውን ፊት ለምን እንዳልለሰነው መጠየቅም ነውር አይደለም፣ አንዳንድ ሰው እስኪጠየቅ ነው የሚጠብቀው።

እሺ ካላለ፣ ወይም አንቺም ሽታ ያለው ነገር ከፈለግሽ፣ የእኔ ምርጫ ጠምበለል ነው። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና እሺ ቢልም ለአንቺ ጠምበለሉን እመርጥልሻለሁ። የአገራችን የደጋ ጫካ ተክል ነው፣ የአዲስ አበባ ብርድ አይደንቀውም፣ የዛፍ ጥላ ሥር መብቀል ያውቅበታል። ጥላ ሲበዛ አበባው ይቀንሳል፣ ያንን አልደብቅሽም፤ ያበበው ነጭ አበባ ግን ማታ ማታ መስኮት ሲከፈት ሳሎን ድረስ ይሸታል። ችግኝ ቤቶች «ጃስሚን» ብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣው ዓይነት ነው። ጠምበለል ብለሽ በስሙ ጠይቂ። ካጣሽ ካለው ሰው ቅርንጫፍ ለምነሽ በክረምት ማጽደቅ ይቻላል።

ለጠምበለሉ የጎረቤትሽን ግንብ በትራፓኖ መብሳት አያስፈልግም። ከግንቡ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ በራስሽ መሬት ላይ የብረት ቱቦ አቁሚ፤ በየሁለት ሜትር ተኩሉ አንድ፣ እግሩ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ገብቶ በኮንክሪት የተያዘ። ከዚያ ዝገት የማይዘው ሽቦ በየግማሽ ሜትሩ አግድም ወጥሪ። አጣና እንደሚረክስ አውቃለሁ፣ ግን እግሩን ምስጥና እርጥበት ሲበላው ተክሉ ገና ባማረበት ጊዜ ተያይዘው ይወድቃሉ። ሌላም ነገር አለ። ግንቡ ራሱ የተሰነጠቀ ወይም ያዘነበለ ከሆነ፣ በየመሃሉም ኮሎን ከሌለው፣ ሐረግ ይቅርና ወንበርም አታስጠጊበት፣ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። ዝናብ የጠጣ ሐረግ ከባድ ነው፣ ነፋስም ይይዛል።

አፈሩስ? በእናንተ በኩል አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከግንብ ሥር ያለው መሬት አፈር ሳይሆን የሲሚንቶ፣ የጠጠርና የብሎኬት ስብርባሪ ነው። ሲሚንቶ የበዛበት አፈር ላይ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይቀራል፣ ሰው ደግሞ ውኃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል። ከግንቡ ግማሽ ሜትር ራቂ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቆፍሪ፣ ስብርባሪውን አውጥተሽ ጣይ፣ ከዚያ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅለሽ መልሺ። ጉድጓዱን ከመሬት ከፍ አድርገሽ ሙይው፣ የሐምሌ ውኃ እንዳይተኛበት። ችግኙን ወደ ሽቦው አዘንብለሽ ትከዪ። አራት ወይም አምስት እግር ለአሥር ሜትሩ ይበቃል። ለፋይከሱ ከሆነ ግን በየሜትሩ አንድ ያስፈልግሻል።

ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ መሬቱ ከረሰረሰ በኋላ። ወሳኙ ግን ክረምቱ ሳይሆን ከጥቅምት በኋላ ያለው የመጀመሪያው በጋ ነው፣ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ያኔ ነው። ውኃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን ውኃ አትድፊው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እሱን አጠጪ። ሳር ቢጤ ሥሩ ላይ አልብሺው። ሽፍን እስኪል ሁለት ሦስት ክረምት ያልፋል። እስከዚያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ጎረቤትሽን አስፈቅጂና በእናንተ በኩል ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ቀቢው። ነጭ አትቀቢው፣ ነጭ ዓይን ይጠራል፣ ክረምት ሲያልፍም ከታች እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው። አጥሬ ቆርቆሮ ነው፣ ዝጓል። ልጆቼ በብሎኬት እንሥራልህ ይሉኛል፣ እኔ ግን በዚያ ገንዘብ ሌላ ነገር ቢሠሩ ይሻለኛል። ቶሎ የሚሸፍን፣ ቢቻል የሚበላ ነገር ያለው ሐረግ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎን ትንሽ ያቆዩዋቸው። አዳማ ላይ ፀሐይ ችግር አይደለም፣ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። እኩለ ቀን ላይ በእጅ አይነካም፣ ለጋ ጫፍ ከተጠጋው ይለበልበዋል። ነፋሱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው፣ በምስማር የተያዘ ቆርቆሮ ላይ ሐረግ ቢጭኑበት ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል። ስለዚህ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ የሚቆም የብረት ወይም የፌሮ ፍርግርግ ያሠሩ። ከብሎኬቱ ጋር ሲተያይ ወጪው ትንሽ ነው።

በእሱ ላይ ፓሽን ፍሩት ይትከሉ። ከተተከለ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ፍሬ ይሰጣል፣ ቅጠሉም ጥሩ ይሸፍናል። ሐምራዊው ዓይነት ብቻውን ያፈራል። ቢጫው ግን የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፣ ከሌላ ዘር የበቀለ ጓደኛና ትልልቆቹን ጥቁር ንቦች ይፈልጋል፤ አንድ እግር ብቻ ተክለው ለምን አላፈራም እያሉ የሚጽፉልን ብዙ ናቸው። ዕድሜው ረጅም አይደለም፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ይደክማል፣ ስለዚህ በአራተኛው ዓመት ላይ ተተኪውን አጠገቡ ይትከሉ። ዘንድሮውኑ የሚሸፍን ካሉኝ ደግሞ ቅል ወይም ዱባ ነው። በሰኔ የተዘራ መስከረም ላይ አጥሩን ለብሶ ያገኙታል። ዱባው ሲከብድ ግን ከሥሩ መደገፊያ ያድርጉለት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር። ቡገንቪሊያዬ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ አበባ ግን የለውም፣ ቅጠል ብቻ። በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ በየወሩ ፍግ እሰጠዋለሁ፣ ፀሐይም አለው።

መልስ፦ ፍቅርህ በዝቶበት ነው ወንድሜ። ፍጉን ተው። ውኃውን በጣም ቀንስ፣ አፈሩ በደንብ እስኪደርቅ አትንካው። ቡገንቪሊያ ትንሽ ሲቸገር ነው የሚያብበው፣ ሲደላው ቅጠል ብቻ ያወጣል። ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች ቆርጠህ አሳጥራቸው፣ አበባው የሚመጣው ከአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ነቅዬ ሌላ ቦታ ላዙረው ብለህ ካሰብክ ግን ተው፣ ሥሩ ሲነካ አይወድም። በነገራችን ላይ ያ ቀለም ያለው ነገር አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፤ አበባው መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አዲስ ቤት ሠርቼ እናቴን አስገብቻለሁ። አጥሩን በቡገንቪሊያ ላስውበው ብል ውርጭ በላው። እናቴ «እንዶድ ትከልበት» ትላለች። እኔ ደግሞ በዚህ ዘመን እንዶድ ብዬ ሳቅኩባት። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እናትህ፣ በአብዛኛው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለቡገንቪሊያ አይራራም። እንዶድ ግን የደጋ ሰው ነው፣ አጥር ላይ መንጠላጠል ያውቅበታል፣ ለጋ ጫፉ በብርድ ቢቃጠል እንኳ ከታች ያቆጠቁጣል። ሳሙና ሳይገባ ልብስ ያጠበልን እሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። በዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ ሳቁን ቀስ።

እናትህ ፍሬውን ፈልገው ከሆነ የምትተክለው ቅርንጫፍ ፍሬ ከያዘ እግር ይቆረጥ፣ እንዶድ ወንድና ሴቴ አለው፣ ወንዱ አያፈራም። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ሲበላ መርዝ ነው፣ ለሰውም ለከብትም፣ ትንንሽ ልጆች ካሉ ፍሬው ከእጃቸው ይራቅ። የዓሣ ኩሬ ካለህም እንዳይረግፍበት። ሁለተኛው፣ እንዶድ ለዓይን ብዙም አይደለም፣ ዝርክርክ ይላል። እኔ ብሆን እሱን በጓሮ በኩል ለእማማ እተውላቸውና ከፊት በኩል አዞ ሐረግ እተክላለሁ። ነጣ ያለ አበባው ሲያልፍ ፀጉራም ዘሩ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ያ ከአበባው በላይ ያምራል። ስትቆርጠው ጓንት አድርግ፣ ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላል። በመንገድ በኩል ሌባ የሚያሰጋህ ከሆነ ደግሞ ቀጋ አለልህ። የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ አበባ፣ ጥሩ ሽታ፣ የሰፈር ልጆች የሚለቅሙት ፍሬ፣ ማንም ሁለተኛ የማይሞክረው እሾህ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ። ባለቤቴ «ሐረግ እባብ ያመጣል» ብሎ አላስተክል አለኝ።

መልስ፦ እባብ የሚመጣው አይጥ ተከትሎ ነው፣ አይጥ የሚመጣው ደግሞ የተጣለ ምግብና መደበቂያ ሲያገኝ ነው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ቅጠል ሙልጭ አድርጊው፣ ግንዱ ብቻ ይታይ። ከሥሩ እንጨት፣ ጣውላና የተረፈ ብሎኬት አትከምሪ። ባልሽ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፣ ያልተቆረጠና መሬት ድረስ የወረደ ሐረግ ካለ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታውንሃውስ ገዝተን ጓሮው ላይ ያለው የድሮ የጡብ ግንብ በጣም ያስጠላል። ጓደኛዬ ከግቢዋ አይቪ ቆርጣ ልትሰጠኝ ነው። ልቀበላት?

መልስ፦ አመስግነሽ አትቀበያት። አይቪ በእናንተ አካባቢ ከውጭ ገብቶ ጫካ የወረረ ተክል ነው። ከፍ ብሎ ሲወጣ ያፈራል፣ ወፎች ፍሬውን በልተው ይዘሩታል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያፍናል። ለግንብሽም ጥሩ አይደለም፤ የድሮ ጡብ መሃሉ ያለው ማያያዣ የላላ ከሆነ ሥሩ ገብቶ ያባብሰዋል። ማንኛውንም ነገር ከመትከልሽ በፊት የኤችኦኤውን (የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን) ደንብ አንብቢ፣ ግንቡ የጋራ ሊሆን ይችላል።

የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑ ጥሩ ጥሩ ሐረጎች አሉ። ቨርጂኒያ ክሪፐር ፈጣን ነው፣ በመከር ደም ይመስላል፣ በብርዱ ወራት ግን ቅጠሉ ረግፎ ግንቡ እርቃኑን ይቀራል፣ ራሱም ተጣባቂ ነው። ቅጠሉ አምስት አምስት ነው። ሦስት ሦስት ሆኖ ካየሽው እንዳትነኪው፣ ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ክሮስቫይን ቅጠሉን በብርዱም ብዙውን ይዞ ይቆያል፣ በጸደይ ብርቱካናማ አበባ ያወጣል፣ ፀሐይ ይወዳል። ለአሮጌ ጡብ ግን የምመርጥልሽ ኮራል ሃኒሳክል ነው፤ አይጣበቅም፣ ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀይ ረዣዥም አበባውን ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ታዘወትረዋለች። ሚያዝያ ወይም መስከረም ላይ ትከዪው። ስትገዢ ወረቀቱን አንብቢ፣ «ሎኒሴራ ሴምፐርቫይረንስ» ይላል። «ጃፓኒዝ» የሚል ካየሽ ሌላኛው ወራሪ ነው፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ መልሺው።